በእኛ ቤት በጨለማ አይወራም

ለእማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያስቸግርሻል ወይስ የሰጡሽ ቅባት ለወጥ አደረገው? ግፊትሽን ተለክተሻል? እንቅልፍሽስ? የሠራሁልሽ መነጽር አፍንጫዬን ቆረጠኝ ብለሽ ነበር። ስትመጪ አስተካክለዋለሁ፤ እስከዚያ በጥርስሽ ይዘሽ ለማጣመም እንዳትሞክሪ፣ አውቅሻለሁ። እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ደህና ነው፣ ጮሌዋ የልጅ ልጅሽ ከደህናም በላይ ናት፣ እኔም እሠራለሁ፣ እበላለሁ፣ እቆጣለሁ።

እንደምታዪው ስለ ጉልበትሽም፣ ስለ ግፊትሽም፣ ስለ አፍንጫሽም ጠይቄያለሁ። ሳልጠይቅሽ የዘለልኩት አንድ ነገር አለ። ዕድሜዬን ሙሉ ስዘለው የኖርኩ ስለሆነ ዛሬም ገና ከሰላምታው አልደፈርኩትም፤ ቀስ ብዬ እመጣበታለሁ። ምነው እንደ ሰው አትደውዪም እንዳትዪኝ ደግሞ። ስልክሽ ጠርቶ ጠርቶ እንደሚዘጋ አንቺም ታውቂያለሽ። ስልክ አልወድም ትያለሽ፤ ይኸው ጻፍኩልሽ።

ጉዳዩ የጮሌዋ ጆሮ ነው። ጮሌ ብለሽ ስም ያወጣሽላት አንቺ ነሽ፤ አፏን ሳትፈታ የሰው ፊት አይታ የልቡን ታውቃለች ብለሽ። እውነትሽን ነው፣ ታውቃለች። ባለፈው ዓመት እኔ ከመነጽር ቤቱ መውጫ ሳጣ፣ ባለቤቴም ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ፣ ለጥቂት ሳምንት አማቴ ዘንድ ተቀምጣ ነበር። ልንወስዳት ስንሄድ አማቴ ገና ጫማችንን ሳናወልቅ ልጅቷ ስትጠራ አትዞርም አሉን።

እኔ ገነፈልኩ። እንዴት ብለው ነው የጠሯት አልኳቸው። እሳቸው ማድ ቤት ሆነው፣ እሷ ሳሎን ሆና። ታዲያ ከማድ ቤት ሆኖ ሰው ይጠራል እንዴ? በእኛ ቤት ልጅ በሥርዓት ነው የሚጠራው፤ ያለበት ድረስ ይኬዳል፣ ትከሻው ይነካል፣ ፊት ለፊት ይታያል፣ ከዚያ ነው የሚወራው። በጩኸት ያላደገች ልጅ ስትጮሁባት አለመዞሯ ጨዋነቷ ነው ብዬ እቅጩን ነገርኳቸው። አማቴ ማድ ቤት ገቡና ትልቁን የብረት ትሪ ይዘው መጥተው ከልጅቷ ጀርባ ለቀቁት። ትሪው ሲወድቅ አየሁና ክው አልኩ፤ ባለቤቴ ሁለት ጆሮውን ይዞ ዘለለ። ጮሌዋ የአሻንጉሊቷን ፀጉር መጎንጎኗን ቀጠለች።

እዚያ ቤት ሁሉም ከየክፍሉ እየተጯጯኸ ነው የሚኖረው። አንዱ ከሻወር ቤት ሆኖ ይጠይቃል፣ ሌላው ከደጅ ሆኖ ይመልሳል። ስለዚህ በጥቂት ቀን ታወቀ። እኔ ቤት ዓመታት ሙሉ ሳይታወቅ የቆየው ልጄን ስለማላያት አይደለም፤ እንዲያውም እኛ ቤት ከመተያየት ሌላ ሥራ የለም። እኛ ቤት የማይሰማ ልጅ ምንም የሚቀርበት ነገር ስለሌለ ነው።

ሐኪም ቤት ወሰድናት። የጆሮ ሐኪሟ አንቺ የምትወጃት ዓይነት ሴት ናት፤ ስታወራ እጇን አፏ ላይ አታደርግም፣ ማስቲካም አታኝክም። ልጅቷን ድምፅ በማይገባበት ጠባብ ክፍል አስገብታ መረመረቻትና ችግሩ ከውልደቷ ሳይኖር እንዳልቀረ፣ መሀከለኛ እንደሆነ፣ ግን እየባሰ ሊሄድ እንደሚችል ነገረችን። ትኩሳት ነበራት ወይ፣ ወድቃ ነበር ወይ፣ በምጥ ጊዜ የተቸገርሽው ነገር ነበር ወይ ብላ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። አልነበረም። እንግዲያው በዘር የመጣ ሊሆን ይችላል ብላ ከልጅቷም ከእኛም ደም ወሰደች። ከዚያ ደግሞ ወገናችንን ጠየቀች፤ የአባት ወገን ከየትኛው ሕዝብ ነው፣ የእናትስ፣ አያቶቻችሁ ከየት ናቸው እያለች።

አማቴ አብረውን ነበሩ። ሐኪም ቤትም ዘር መቁጠር ተጀመረ እንዴ ብለው ቦርሳቸውን አንስተው ብድግ አሉ። መቼም እናንተ ሁለት እናቶች በሠርጋችን ሰሞን ስለ ደም መቀላቀል በየማድ ቤታችሁ ስታጉተመትሙ የነበረውን እኔም ባለቤቴም አልረሳነውም፤ አሁን ደርሶ ዘር አይቆጠር ሲሉ ስሰማ ሳቄ መጣ። ሐኪሟም ሳቀች፤ ግን በትሕትና መልሳ አስቀመጠቻቸው። ይህን የምጠይቀው ሕዝብን ከሕዝብ ለማበላለጥ አይደለም አለቻቸው። ጆሮ እንዲሰማ የሚያደርጉት ዘረመሎች ብዙ ናቸው፣ በየሕዝቡ የሚበላሹበት መንገድ ግን ይለያያል። በአንድ አገር ሳይሰሙ የሚወለዱት አብዛኞቹ ልጆች የሚጋሩት አንድ የታወቀ ለውጥ አለ፤ ያው ለውጥ ሌላ ሕዝብ ውስጥ ቢፈለግ ቢፈለግ አይገኝም፤ እዚያ ደግሞ ሌላ አለ። በድሮ ጊዜ ከአንድ ሰው ተነስቶ በልጅ ልጅ እየተዛመተ አንድ መንደር የሞላም አለ። ስለዚህ ፍለጋውን ከየት እንደምጀምር የሚነግሩኝ አያቶቻችሁ ናቸው አለች። አማቴ ቦርሳቸውን መልሰው ጭናቸው ላይ አደረጉና የአያቶቻቸውን አገር እስከነወንዙ ዘረዘሩላት፤ ማስቆም አቃተን።

ውጤቱ ብዙ ቆይቶ መጣ። ምንም አልተገኘም ይላል። አማቴ እዚያው ኮሪደሩ ላይ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ድሮስ በእኛ ዘር መቼ ኖሮ አሉ። እውነቱን ልንገርሽ እማዬ፣ እኔም ደስ አለኝ። ከእኛም አይደለም፣ ከእነሱም አይደለም፣ እንዲሁ የመጣ ነገር ነው ብዬ ልረሳው ነበር። ግን በሳምንቱ አማቴ ሌላ ነገር አመጡ። በዘር ካልሆነ እንግዲህ የእናት ቸልተኝነት ነው፤ አንድ ቀን ነፋስ መትቷታል፣ ወይ ልጅቷ ከአልጋ ወድቃ እናቷ ደብቃናለች ብለው ለባለቤቴ ነገሩት። እሱም አላመንኩም አለኝ፤ ግን ማታ ማታ ከአልጋ ወድቃ ታውቃለች ወይ እያለ መጠየቅ ጀመረ። ያ በጣም አመመኝ። በሰው አፍ ውስጥ ልጄን የጎዳሁ ሴት ሆንኩ።

ተመልሼ ሐኪሟ ዘንድ ሄድኩ፤ ባለቤቴንም እየጎተትኩ። አንድ ወረቀት ስጪኝ አልኳት፣ ጥፋቱ የእናት አይደለም የሚል። እሷ ግን ውጤቱን ተሳስተሽ ነው የተረዳሽው አለችኝ። ምንም አልተገኘም ማለት ከፈለግናቸው ውስጥ አልተገኘም ማለት ነው። የሚፈለጉት ለውጦች ዝርዝር የወጣው ደማቸው ብዙ ከተጠና ሕዝቦች ነው። የእናንተ ወገን ገና ብዙ አልተጠናም፤ የባለቤትሽም እንደዚሁ። ልጅሽ ውስጥ ያለው ለውጥ እኛ ዘንድ ገና ስም ያልወጣለት ሊሆን ይችላል አለች።

ይህ ሳይገባኝ አልቀረም፤ የእኔው ሥራ ነውና። ደንበኛ ሲመጣ ከሳጥኑ ሌንስ እያወጣሁ ዓይኑ ላይ እሞክራለሁ። ሳጥኑ ውስጥ ካሉት አንዱም ካልሆነለት ዓይንህ ጤነኛ ነው ብዬ አልሸኘውም፤ የጎደለው ሳጥኑ ነው። ለባለቤቴ እንዲህ ብዬ ሳስረዳው ገባው። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ አልጋው ጠይቆኝ አያውቅም።

ታዲያ እንዴት ይገኛል አልኳት። ከቤተሰብ አለች። የሚሰሙትንና የማይሰሙትን አሰልፎ፣ የማይሰሙት ሁሉ ያላቸውን፣ የሚሰሙት የሌላቸውን መፈለግ ነው። በቤተሰባችሁ ጆሮው የደከመ ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀችን። ባለቤቴ አንድ አጎት አለኝ አለ፣ ወፍጮ ቤት ሲሠራ የኖረ። እሱ የወፍጮው ነው ብላ ተወችው። እኔ ሳላስብ ቶሎ ብዬ በእኛ ዘር የለም አልኩ። ቁርጥ የአማቴን ቃል ደግሜ።

እንግዲያው ቤታችሁ ውስጥ ልጅቷን የምትጠሯት እንዴት ነው አለችኝ። ይሄኔ ነው ጉድ የፈላው። እኔ እኮ በኩራት ነው የነገርኳት። እኛ ሰው ከኋላው አንጠራም። ለሰው ጀርባ ሰጥቶ ማውራት ነውር ነው። እየበሉ፣ አፍን ሸፍኖ፣ ፊትን ወደ ጓዳ አዙሮ አይወራም። እንግዳ ሲመጣ እናቴ መስኮቱን ጀርባዋ አድርጋ ትቀመጣለች፣ ብርሃኑ እንግዳው ፊት ላይ እንዲያርፍ። አባቴ ሊያናግራት ሲፈልግ የጠረጴዛውን እግር በእግሩ መታ ያደርጋል። ባለቤቴ እየሳቀ አቋረጠኝና መብራት የጠፋ ቀን የሆነውን ንገሪያት አለኝ። እሱ ራሱ ነገራት። እሱ ቤት መብራት ሲጠፋ ተረት የሚጀመርበት፣ ሁሉም በአንዴ የሚያወራበት ሰዓት ነው። እኔ አዲስ ሙሽራ ሆኜ መብራት ሲጠፋ አፌን ዘግቼ ኩርምት ብዬ ተቀመጥኩ፣ ጨለማ ትፈራለች ብለው ሻማ ፍለጋ ቤቱን አተራመሱት። ምንም አልፈራሁም ነበር። በእኛ ቤት መብራት ከጠፋ ዝም ነው የሚባለው፤ በጨለማ አይወራም ብለሽ አሳድገሽናል፤ የሰው ሁሉ ቤት እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ሐኪሟ አልሳቀችም። ይህን ሥርዓት ያወጣው ማነው ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። እናቴ አልኳት። እሷስ ከማን ተማረችው አለችኝ። ከእናቷ ልላት ስል መነጽር የሠራሁልሽ ቀን ትዝ አለኝ።

እማዬ፣ መነጽር የሠራሁልሽን ቀን ታስታውሻለሽ? ከፊደል ሰሌዳው ፊት አስቀመጥኩሽና የመሞከሪያውን ፍሬም አደረግሁልሽ። ታችኛውን መስመር አንብቢ ስልሽ ሰሌዳውን ተይውና ሄደሽ አጠገቡ ቁሚ አልሽኝ። ቆምኩ። እስቲ ተናገሪ አልሽኝ። ምን ልናገር ስል እሱኑ ድገሚው አልሽ። ሌንስ በቀየርኩ ቁጥር ሄጄ እንድቆምና እንድናገር አደረግሽኝ፤ የሥራ ባልደረቦቼ ፈተናው የማን ነው እያሉ ቀለዱብኝ። በመጨረሻ ይሄ ይሁን፣ አፍሽ ጥርት ብሎ ታየኝ አልሽ። እኔ ይህን ዓመታት ሙሉ ለሰው ሳወራው እንደ ቀልድ ነበር።

ፎቃችን ውስጥ ኩሩዋ ይሉሽ የነበረውንም አሰብኩት። ስሙን ያወጣችው የታችኛዋ ጎረቤታችን ናት፣ የውሃ ቧንቧዋ የፈነዳ ቀን። ከደረጃው ሥር ሆና ድረሽልኝ እያለች ስትጣራ አንቺ ቦርሳሽን ይዘሽ፣ ቀና ብለሽ፣ ወደ መንገዱ ወጣሽ። እቃዋ ሁሉ ረጠበ። ከዚያ ወዲያ ሰላም ብላሽ አታውቅም፤ በፊት እኮ ልብስ እየተዋዋሳችሁ የምትለብሱ ሰዎች ነበራችሁ። አንድ ቃል ብትነግሪያት ያኑ ቀን ይቅር ትልሽ ነበር። አንቺ ግን ጓደኛሽን አጥተሽ ኩሩ መባልን መረጥሽ። እኔም ኩራት መስሎኝ አገጬን ቀና አድርጌ መሄድ የተማርኩት ከአንቺ ነው። አባባ ካረፈ ወዲህ ደግሞ ሰው የተሰበሰበበት ቦታ መሄድ ተውሽ። ሐዘኑ ነው አልን። ጠረጴዛውን መታ የሚያደርግልሽ ሰው አጥተሽ መሆኑን ማን አሰበ?

ቃሉን አልጽፈውም፤ አንቺ እስክትዪው ድረስ የእኔ አይደለም። ግን ተናድጄብሻለሁ። ይህን ሳልናገር ብተወው ደብዳቤው ውሸት ይሆንብኛል። ለእኔ ብትነግሪኝ ኖሮ ልጄን ገና በእቅፌ ሳለች አስመረምራት ነበር። ስንት ቃል ሳትሰማ ነው ያለፋት! ከአማቴ አፍ ከምሰማው ከአንቺ ብሰማው በወደድኩ። አንድ ሰሞን በጣም ተናድጄ ነበርና ነው ድምፄ የጠፋው እንጂ ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። አሁን ከንዴቱ ጋር ሌላም ነገር አለ። ያን ሁሉ ዓመት በዓይንሽ ብቻ ቤት ስታስተዳድሪ፣ ልጅ ስታሳድጊ፣ አንድም ሰው ሳያውቅብሽ፣ ምን ያህል ደክሞሽ ይሆን እላለሁ። እኔ ሱቅ ሰው እየሳቀ ገብቶ ዓይኔ ደከመ ይላል፣ ፍሬም ያማርጣል፣ መስታወት ፊት ይቆነጃል። ለጆሮ ሲሆን ግን ሰው ሁሉ ይደበቃል። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ጎረቤቶችሽን ሳስብ ግን አልፈርድብሽም።

አሁን የምለምንሽ እንድትመጪ ነው። ሐኪሟ የልጅቷና የእኔ ብቻ አይበቃኝም ብላለች። እናትና ልጅ የሚጋሩት ብዙ ነው፤ የትኛው ጥፋተኛ እንደሆነ መለየት አይቻልም። የአያት ሲጨመርበት ግን ብዙው ይወድቅና ጥቂት ይቀራል። ያን ካገኙት የጮሌዋ ጆሮ በምን ፍጥነት እንደሚደክም ለመገመት ይረዳል፤ ምን እንደምናስተምራትና መቼ እንደምንጀምር እናውቃለን። ካላገኙት እየጠበቅን ማየት ነው። ከአንቺ የሚፈለገው ትንሽ ደምና እዚያች ጠባብ ክፍል ገብቶ መቀመጥ ነው። ክፍሉ ከደሙ እንደሚብስብሽ አውቃለሁ።

ስለ አማቴ አትጨነቂ። ሁሉንም ነግሬያቸዋለሁ፤ ከእናንተ ሳይሆን ከእኛ ወገን ሳይሆን አይቀርም ብዬ። አፍ አውጥተው ደስ ብሎኛል አሉ፣ እንዳልዋሽሽ ብለው። ከዚያ ስለ አልጋው ያወራሁትን ይቅር በይኝ አሉኝ፣ አለቀሱም። እናትሽ ይምጡ፣ ክፍሉ ድረስ እኔ እይዛቸዋለሁ ብለዋል። አሁን ማድ ቤት ሆነው መጣራት ትተው ልጅቷ ያለችበት ድረስ እየሄዱ ትከሻዋን ይነኳታል፤ ጉልበታቸውን ይዘው እያቃሰቱ። ባለቤቴ እናቴን ጨዋ አደረጋችኋት እያለ ይቀልዳል።

ጮሌዋ ጆሮዋ ላይ ያደረጉላትን መስሚያ ለምዳዋለች። የመጀመሪያ ቀን የቧንቧ ውሃ ሲወርድ ሰምታ ይጮሃል ብላ አለቀሰች፤ አሁን ራሷ ከፍታ ቆማ ታዳምጠዋለች፣ የውሃ ሂሳቡ ሊገድለን ነው። ባለፈው የአንቺን ፎቶ ይዛ መጥታ አያቴስ ለምን የላትም አለችኝ። ምን ልበላት? ስትመጣ ጠይቂያት አልኳት። ተዘጋጅተሽ ነይ።

እኔንና ባለቤቴንም መርምረውናል። እሱ ከዚያች ክፍል እየፎከረ ነው የወጣው፣ ትንኝ ስትተነፍስ ሰማሁ እያለ። እኔ ስገባ በመስታወቱ የመርማሪው እጅ ይታየኝ ነበርና ድምፅ የሚለቅበትን ሲነካ እያየሁ ሰማሁ የሚባልበትን ቁልፍ እጫናለሁ። ልጁ ነቄ ነው፤ ወንበሩን አዙሮ ጀርባውን ሰጠኝ። የቀረውን ስንገናኝ እነግርሻለሁ። ለማንም አላወራሁትም፣ ለባለቤቴም ቢሆን።

በይ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ እንቅልፍሽን ያጣፍጥልኝ። ጮሌዋ ጉንጭሽን ሁለቴ ስማለች፣ አማቴም እጅ ነስተዋል። መስኮቱን ጀርባ የሚያደርገውን ወንበር አዘጋጅቼልሻለሁ፤ መብራት ቢጠፋ የሚበራ ትልቅ ባትሪም ገዝቻለሁ፣ እንግዲህ በጨለማም እናወራለን። የምትመጪበትን ቀን ጽፈሽ ላኪልኝ እንጂ አትደውዪ፤ እኔም ስልክ መውደድ ትቻለሁ። ሱቅ ስትደርሺ ሥራ ላይ ካገኘሽኝ ከኋላ አትጥሪኝ እማዬ። ዞረሽ ፊት ለፊቴ ቁሚ።

አንቺን የወጣችው ልጅሽ